መርፌው ካዳነ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚሆነው



ዛሬ ማታ የምናገረው አብዛኞቻችሁ በስም ስለምታውቋቸው መድኃኒቶች ነው፦ ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ካናማይሲን፣ አሚካሲን። በአንድነት አሚኖግላይኮሳይድ ይባላሉ። ለቁጥር የሚያታክቱ ሰዎችን ከሞት መልሰዋል። ከተመለሱት መካከል ደግሞ ሳንባቸው ድኖ ጆሯቸው የጠፋ አሉ። እነዚህን ሁለት እውነቶች አንዱን በሌላው ሳልሸፍን አብሬ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ጥቅሙን ብቻ ማውራት ታካሚውን፣ ጉዳቱን ብቻ ማውራት ደግሞ ነገ መርፌው የሚያስፈልገውን ሕፃን መበደል ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ጆሮ ውስጥ ያለውን ሕዋስ የሚገድለው ማን ነው? መድኃኒቱ ራሱ ነው ወይስ ሕዋሱ መድኃኒቱ ሲደርስበት በራሱ ላይ የሚወስደው እርምጃ? ጥያቄው ለቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ፣ መስማት ማጣት ከመዳን ጋር ተያይዞ የሚመጣ የማይቀር ዕዳ ነው የሚለው የቆየ እምነት ይፈርሳል።

ከታሪኩ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1943 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ሻትዝ የተባለ ወጣት በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ሲሠራ ከአፈር ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። እስከዚያ ድረስ የሳንባ ነቀርሳን የሚፈውስ መድኃኒት አልነበረም፤ ፔኒሲሊን እንኳ አይነካውም። በማዮ ክሊኒክ ዊሊያም ፌልድማንና ኮርዊን ሂንሾው አዲሱን መድኃኒት መጀመሪያ በእንስሳት፣ ቀጥሎም በሰዎች ላይ ሞከሩት። በ1945 ያወጡት የመጀመሪያ ዘገባ ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ነገር ግን እዚያው ዘገባ ውስጥ አንዳንድ ታካሚዎች ሚዛናቸውን መጠበቅ እንዳቃታቸው ተጽፏል። የምሥራቹና መርዶው በአንድ ወረቀት ላይ መጡ ማለት ነው። የሚዛን ስሜታችን የሚኖረው ከመስሚያው ጎን፣ እዚያው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ይበልጥ ሚዛንን ሲጎዱ፣ ካናማይሲን፣ አሚካሲንና ኒኦማይሲን ይበልጥ መስማትን ይጎዳሉ።

በአገራችን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቲቢ ተመልሶበት ዳግም ሕክምና የጀመረ ሰው ለሁለት ወር ስትሬፕቶማይሲን ይወጋ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያንን አሠራር እንዲቀር የመከረው በ2017 ነው። በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም ሲጀመር፣ ሕክምናው በመርፌ የሚሰጡትን መድኃኒቶች የግድ ይጠይቅ ነበር። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መርፌው ቢያንስ ስምንት ወር እንዲዘልቅ ያዝዛል። ስምንት ወር! በዚያ ጊዜ ውስጥ በሽተኛው ሳሉ እየተወው፣ ክብደቱ እየጨመረ፣ ጆሮው ግን እየደከመ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ሐኪሙም ምርጫው ጠባብ ነበር፤ መርፌውን ቢያቆም በሽታው ይገድላል፣ ቢቀጥል ጆሮው ይጠፋል።

ይህ አጣብቂኝ ለቲቢ ታካሚዎች በአብዛኛው ተፈቷል። በ2018 ደቡብ አፍሪካ መርፌውን ቤዳኩዊሊን በተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ተካች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲንን ከተመከሩት መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣቸው። ዛሬ ብዙው ታካሚ በኪኒን ብቻ፣ አንዳንዱም በስድስት ወር፣ ይታከማል። ጄንታማይሲን ግን የትም አልሄደም። ጨቅላ ሕፃን ደሙ ሲመረዝ በዓለም ዙሪያ በቅድሚያ ከሚታዘዙት አንዱ እርሱ ነው። በአገራችንም ከ2013 ጀምሮ፣ ወላጆች ልጁን ወደ ላይኛው ጤና ተቋም ማድረስ ሳይችሉ ሲቀሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላው ጄንታማይሲን በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ ለሰባት ቀን እንድትሰጥ ተፈቅዷል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ሕይወት ያተርፋል። ስለዚህ የዛሬው ጉዳይ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

አሁን ወደ ጆሮው እንግባ። በውስጠኛው ጆሮ፣ ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ ክፍል ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ሕዋሳት ተደርድረዋል። ራሳቸው ላይ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ዘንጎች ስላሉባቸው ፀጉራማ ሕዋሳት ይባላሉ። በአንድ ጆሮ 3,500 ያህል የውስጥ፣ 12,000 ያህል ደግሞ የውጭ ፀጉራማ ሕዋሳት አሉ። በቃ ይኸው ነው። ስንወለድ የተሰጡን እነዚያው ናቸው፣ የሞተው አይተካም። በ1988 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በአእዋፍ ጆሮ ውስጥ የሞቱት ሕዋሳት ተመልሰው እንደሚበቅሉ አሳዩ። ወፍ የታደለችው ይህ ጸጋ ለሰው አልተሰጠም።

ድምፅ ሲመጣ ጥቃቅኖቹ ዘንጎች ይዘነበላሉ፣ ጫፋቸው ላይ ያሉ መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፣ በዚያ በኩል ፖታሲየምና ካልሲየም ይገባል። ሕዋሱ ድምፅ የሚሰማው እንዲህ ነው። አሚኖግላይኮሳይዱም የሚገባው በዚያው መተላለፊያ ነው። ለመስማት የተከፈተው ቀዳዳ መርዙንም ያሳልፋል፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። አብዛኞቹ ሌሎች ሕዋሳት ይህ መተላለፊያ ስለሌላቸው መድኃኒቱ እንዲህ በቀላሉ አያገኛቸውም። ፀጉራማው ሕዋስ ውስጥ የገባው ግን ቶሎ አይወጣም፤ ከደም ውስጥ ከጠፋ በኋላ እንኳ እዚያ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። መርፌው ከቆመ ከሳምንታት በኋላ መስማት ሲቀንስ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውስጥ ከገባስ በኋላ? እዚህ ላይ ማይቶኮንድሪያን ማወቅ ያስፈልጋል። ማይቶኮንድሪያ በየሕዋሱ ውስጥ በብዛት የሚገኙ፣ ምግብን በኦክስጅን አቃጥለው ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን አካላት ናቸው። ፀጉራማ ሕዋስ ሌት ተቀን ስለሚሠራ ያለ እነርሱ አንድ ቀን አያድርም። የእነርሱ አመጣጥ ደግሞ አስደናቂ ነው። ሊን ማርጉሊስ በ1967 በሰፊው እንዳስረዳችው፣ ማይቶኮንድሪያ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብተው የቀሩ ባክቴሪያዎች ዘር ናቸው። ዛሬም የራሳቸው ዘረመል አላቸው፣ ፕሮቲን የሚሠሩባቸው ራይቦዞሞችም የባክቴሪያን ይመስላሉ። አሚኖግላይኮሳይድ ባክቴሪያን የሚገድለው ራይቦዞሙን ይዞ ፕሮቲን አሠራሩን በማዛባት ነው። እንግዲህ ባክቴሪያን ለመግደል የተሰጠ መድኃኒት በገዛ ሕዋሳችን ውስጥ የባክቴሪያን የጥንት ዘመድ ቢያገኝ አይደንቅም።

ይህ ዝምድና አንዳንድ ሰዎችን ለይቶ ይጎዳል። በ1993 የታተመ ጥናት በማይቶኮንድሪያ ዘረመል 1555ኛው ቦታ ላይ ከአንድ ፊደል መለወጥ የሚመጣን አደጋ አሳየ። የተጠኑት ቤተሰቦች የቻይናውያንና የአረብ እስራኤላውያን ነበሩ። ያቺ አንዲት ለውጥ የሰውን ማይቶኮንድሪያ ራይቦዞም ይበልጥ ባክቴሪያውን እንዲመስል ታደርገዋለች፤ መድኃኒቱም አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን ለውጥ የተሸከመ ሰው በተለመደው መጠን፣ አንዳንዴም በጥቂት መርፌ ብቻ፣ መስማት ሊያጣ ይችላል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ500 ሰው አንዱ ገደማ ይሸከመዋል። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ ለውጧም የምትተላለፈው በእናት በኩል ነው።

ነገር ግን አብዛኞቹ በመርፌው ምክንያት መስማት ያጡ ሰዎች ይህ ለውጥ የላቸውም። በእነርሱ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው፣ የዛሬ ንግግሬም ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ፀጉራማው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ማይቶኮንድሪያ ይታወካሉ። ካልሲየም ከልክ በላይ ይሞላባቸዋል፣ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች ይበዛሉ። ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ በሽፋናቸው በኩል የሚጠብቁት የኤሌክትሪክ ልዩነት አለ፤ ሲጎዱ ይወርዳል። ሕዋሱም ይህን የሚያውቅበት መንገድ አለው። ፒንክ1 የተባለ ፕሮቲን በጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ወደ ውስጥ እየተሳበ ይሰባበራል። ሽፋኑ ኃይሉን ሲያጣ ግን መግባት ያቅተውና ውጪ ላይ ይከማቻል። ያን ጊዜ ፓርኪን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ይጠራል። ፓርኪን የተበላሸውን ማይቶኮንድሪያ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት የተደረገበትም በሽፋን ተጠቅልሎ ወደ ላይሶዞም ይወሰድና ይፈጫል። ይህ የተበላሹ ማይቶኮንድሪያን የማስወገድ ሥራ ማይቶፋጂ ይባላል። ሕዋስ የራሱን ክፍሎች የሚያስወግድበት ሰፊው ሥርዓት ደግሞ አውቶፋጂ ነው፤ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ አሠራሩን በመግለጡ በ2016 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ጽዳት ለማይተካ ሕዋስ ሕይወት ነው። የተበላሸው ማይቶኮንድሪያ ካልተወገደ መርዙን ለጤነኞቹ ያካፍላል። የጽዳቱ መጥፋት ምን እንደሚያስከትል በአንጎል ላይ ታይቷል፤ የፓርኪን ዘረመል የተበላሸባቸው ሰዎች ገና በወጣትነታቸው በፓርኪንሰን በሽታ እንደሚያዙ በ1998 ከጃፓን የወጣ ጥናት አሳይቷል፣ የፒንክ1 ደግሞ በ2004 ታወቀ። ስለዚህ ማንኛችንም ብንጠየቅ፣ ጽዳት በበዛ ቁጥር ጆሮ ይድናል ብለን እንመልሳለን።

በ2022 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የቦ ዣኦ ቡድን ያወጣው ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ ጄንታማይሲን ራይፖር2 ከተባለ ፕሮቲን ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። ይህ ፕሮቲን በወትሮው የሚኖረው በዘንጎቹ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሲደርስ በፍጥነት ቦታውን ለቆ ወደ ሕዋሱ የላይኛ ክፍል ይወርዳል፣ እዚያም ጋባራፕ ከሚባል የአውቶፋጂ ፕሮቲን ጋር ይገናኛል፤ ጽዳቱም ከሥርዓቱ ይወጣል። ራይፖር2ን ወይም ጋባራፕን የቀነሱባቸው አይጦች መርፌውን ተወግተው ፀጉራማ ሕዋሶቻቸው አልሞቱም፣ መስማታቸውም አልጠፋም። ይበልጥ የሚያስገርመው ቀጣዩ ነው። ፒንክ1 ወይም ፓርኪን የሌላቸው አይጦችም ጆሯቸው ተረፈ። የጽዳት ሠራተኞቹ ሲነሡ ሕዋሱ ዳነ።

እናቶቻችን እህል ሲያበጥሩ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ሰፌዱ በልክ ሲነሣ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። ክንዱ ከበረታ ፍሬውም አብሮ ይፈስሳል፤ ጨርሶ ካልተበጠረ ደግሞ ገለባው ከፍሬው ጋር ተደባልቆ ይቀራል። በዚያ ጥናት መሠረት፣ አሚኖግላይኮሳይድ የደረሰበት ፀጉራማ ሕዋስ ክንዱ የበረታበት ነው።

ሆኖም ሁሉም ጥናት ይህን አይልም፣ ይህንንም ልደብቃችሁ አልወድም። በ2017 ከቻይና የወጣ ጥናት ኒኦማይሲን በተሰጣቸው ፀጉራማ ሕዋሳት ላይ አውቶፋጂን ሲያበረታቱ ብዙ ሕዋሳት እንደተረፉ፣ ሲያግዱት ደግሞ ብዙ እንደሞቱ አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናትም ፒንክ1 ከጄንታማይሲን ጉዳት ሕዋሱን ይከላከላል ብሏል። ታዲያ ማን ልክ ነው? በእኔ እምነት ጥያቄው እንዲህ መቅረብ የለበትም። የመድኃኒቱ መጠን፣ የተሰጠበት ጊዜ ርዝመት፣ የእንስሳው ዕድሜ፣ ሕዋሱ በሕያው ጆሮ ውስጥ ነበር ወይስ በሳህን ላይ፣ እነዚህ ሁሉ ይለያያሉ። መጠነኛ ጉዳት ሲደርስ ጽዳቱ ይጠቅማል፤ ጉዳቱ በበረታና ጽዳቱ ልጓሙን በበጠሰ ጊዜ ግን ሕዋሱ ሊኖርበት የሚያስፈልገውን ኃይል ራሱ ይጨርሳል። ሁለቱም ወገን ያዩትን አይተዋል ብዬ አምናለሁ። መጠየቅ ያለብን ይብዛ ወይስ ይነስ ብለን ሳይሆን መቼና ምን ያህል ብለን ነው፤ ለዚህም መልስ ከሚሰጡት ሰዎች መካከል አንድ ቀን የእኛ ተማሪዎች ቢኖሩበት ደስታዬ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ፒንክ1ን የሚያግድ ኪኒን እንሥራ የሚል ቢኖር አልስማማም። ጆሮን ለማዳን ብሎ አንጎልን ለፓርኪንሰን ማጋለጥ አይገባም። ራይፖር2ም ቢሆን መቀነሱ አይጦቹን ጠቀማቸው እንጂ ጨርሶ ሲጠፋ በራሱ ያደነቁራል፤ በሰው ላይ የታወቀ ነው። ተስፋዬ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መድኃኒት በጆሮ ታምቡር በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ እንዲደርስ የሚደረግበት ዘዴ አለ። ሕክምናው በሚሰጥባቸው ቀናት ብቻ፣ በጆሮ ውስጥ ብቻ፣ ጽዳቱን ጥቂት መግታት ቢቻል አንጎል አይነካም፣ መድኃኒቱም ባክቴሪያውን ከመግደል አይከለከልም። ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠው ሲስፕላቲን ጆሮ እንዳይጎዳ የሚከላከል መድኃኒት፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ በ2022 በአሜሪካ ጸድቋል። በአንድ ወቅት ይህም የማይሆን ይመስል ነበር።

ሌሎች ደግሞ ከመጀመሪያው መድኃኒቱን ራሱን ለመለወጥ ይሠራሉ። በስታንፎርድ አንቶኒ ሪቺና አለን ቼንግ ሲሶማይሲንን በጥቂቱ ለውጠው በዘንጎቹ መተላለፊያ እንዳይገባ አድርገዋል፤ በ2015 ባሳተሙት ጥናት አይጦቹ መስማታቸውን አላጡም። ለከብት ሕክምና የቆየው አፕራማይሲንም የባክቴሪያን ራይቦዞም አጥብቆ ይዞ የማይቶኮንድሪያን ግን እምብዛም ስለማይነካ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ጥለውበታል።

ዛሬ በእጃችን ያለውስ? በእንግሊዝ ማንቸስተር ጨቅላ ሕፃናት ሆስፒታል ሲገቡ ከጉንጫቸው ናሙና ተወስዶ የ1555 ለውጥ መኖሩ በ26 ደቂቃ ውስጥ ይመረመራል። በ2022 በታተመው ጥናት 751 ሕፃናት ተሳትፈዋል፤ ለውጡ የተገኘባቸው ሦስቱ ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። ሦስት ልጆች ለአንዳንዱ ጥቂት ሊመስሉ ይችላሉ። ለእነዚያ ሦስት ቤቶች ግን አይደለም።

ያ መሣሪያ የሌለበት ጤና ጣቢያም ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። መርፌው ከመታዘዙ በፊት እናትየዋን፦ «በእርስዎ ወገን፣ በእናትዎ፣ በአክስትዎ፣ በወንድም በእህትዎ መርፌ ተወግቶ ጆሮው የጠፋ ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የአባት ወገን በዚህ ጉዳይ አይመለከተንም። መድኃኒቱን ከሰውነት የሚያወጣው ኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ይበልጥ ይጎዳል፤ ላሲክስ የተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥም አደጋው ይጨምራል። እነዚህን ያወቀ ባለሙያ መጠኑን ያስተካክላል ወይም ሌላ ይመርጣል።

የመስማት ምርመራውም ታካሚው መስማት አቃተኝ እስኪል መጠበቅ የለበትም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከኮክሊያው ሥር፣ ቀጭን ድምፅ ከሚሰማበት በኩል ነው። ንግግርን የምንከታተልባቸው ብዙዎቹ ድምፆች ከዚያ ዝቅ ስለሚሉ ሰውየው ለጊዜው አይታወቀውም። ቀጥሎ የሚጠፉበት እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉት ናቸው፤ ሰዎች ሲናገሩ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። ቤተሰቡም ዝንጉ ሆነ ብሎ ይቆጣዋል። ጆሮዬ ይጮሃል ወይም ጨለማ ውስጥ ስሄድ እንገዳገዳለሁ ያለ ታካሚ ካለ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር፤ መጠኑን መለወጥ ወይም መድኃኒቱን መተካት የሚጠቅመው ሕዋሳቱ ከማለቃቸው በፊት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ጨቅላችሁ ደሙ ተመርዞ ጄንታማይሲን ሲታዘዝለት፣ በዛሬው ንግግሬ ተነሥታችሁ መርፌውን እንዳትከለክሉ። ያ በሽታ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ አብዛኞቹ በትክክለኛ መጠን ለጥቂት ቀን የተወጉ ሕፃናትም በደኅና ይሰማሉ። መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው፦ መጠኑ በክብደቱ ተሰልቷል ወይ? ለስንት ቀን ነው? በኋላስ ጆሮውን የት እናስመርምር?

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል። በተለይ በመርፌው ታክማችሁ የመስማት ችግር የገጠማችሁ ካላችሁ ቅድሚያ እንድትናገሩ እጠይቃለሁ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚያችንም ከፊት ለፊት አሉ።